ለሲምቦ የሚሆን ፕሪአምፕሊፋየር

ሰው ትዳር ሲያስብ አልጋ ይገዛል፣ ቁም ሣጥን ያሠራል። እኔ ባህሩ ግን ፕሪአምፕሊፋየር ስመርጥ ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ የሮቤ ሰው ስቆብኝ አብቅቷል። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቡታጅራ በልጅነቴ መጥቼ ባሌ ላይ ቀርቻለሁ፤ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግንበት ሱቅ ነበረኝ። "ሚስት ሳይኖረው ለሚስቱ ጆሮ ይጨነቃል" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮማ መች ያናድደኝ ነበር!

ቤቴ ውስጥ ሌላው ሁሉ ተሟልቷል። ሸክላ ማጫወቻ አለኝ፣ ጥሩ የካሴት ቴፕ አለኝ። የስፒከሮቹን ሣጥን ከሐረና ጫካ በወጣ ዝግባ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ትልቁ አምፕሊፋየር ከአንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ ነው፤ ሲነሳበት የጎረቤት ዶሮ ያስበረግጋል። የጎደለኝ መሃል ላይ የምትገባዋ ዕቃ ነበረች። ለማያውቅ ልንገር፦ ከካሴት ወይም ከሸክላ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ነው፣ ለብቻው ስፒከር አያንቀሳቅስም። ፕሪአምፕሊፋየር ያንን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ለትልቁ አምፕሊፋየር የሚያስረክብ ነው። እኛ ሠሪዎቹ በአጭሩ ፕሪ እንለዋለን። ሥራው የሽማግሌ ሥራ ነው፤ የልጁን ቃል ተቀብሎ ለልጅቷ ቤተሰብ ያደርሳል፤ ሽማግሌው ከጨመረ ወይ ከቀነሰ ነገሩ ያኔውኑ ተበላሸ። ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ "ባህሩ ጀመረው!" ብለው ሬዲዮናቸውን አንስተው ይወጣሉ። ይውጡ! ያለቀ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚያሞቅ ሰው ስለ ድምፅ ምን ያውቃል!

ሲምቦ ዳቢሴ ግን አታቋርጠኝም ነበር። ሲምቦ በእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ሱቄ መምጣት የጀመረችው በአንዲት የቆዳ ልብስ ባላት ሬዲዮ ምክንያት ነው። ሬዲዮዋን ዘፈን አትሰማባትም፤ ዜና ብቻ ነው የምትሰማባት። እጮኛዋ ጉሉማ የእህል መኪና ሾፌር ነበር። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ቀለበት ባሰረላት በሁለተኛው ወር ዘምቶ ተማረከ፤ ከዚያ ወዲህ አለም ሞተም ብሎ የሚነግራት ሰው አልተገኘም። እሷም ስለ ምርኮኞች አንዲት ቃል ትወራ እንደሆነ ብላ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ ያቺን ሬዲዮ ስትጎረጉር ኖረች። ሬዲዮ ሲጎረጎር ይበላሻል። ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣል።

አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። አንድ ጊዜ ሬዲዮዋን ስጠግን አንዷን ሽቦ ሆን ብዬ በደንብ ሳልበይዳት ተውኳት። ለምን? ቶሎ እንድትመለስ ነዋ! በአራተኛው ቀን መጣች። "ባህሩ፣ አንተን እኮ ጎበዝ ነው ሲሉህ ነበር" አለችኝና ፈገግ አለች። ሦስት ቀን ዜና እንዳመለጣት ስትነግረኝ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ሥራ አልሠራሁም። መውደዴን ግን አልተውኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ ወደድኳት፤ አንድ ቀን ሳልነግራት። ሰው የሌላ ሰው መንገድ እያየች የተቀመጠች ሴት ምን ብሎ ያናግራል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

በ1980 ነሐሴ ላይ ምርኮኞቹ ሊመለሱ ነው ተባለ። ሲምቦ ሬዲዮዋ ሥር ተተክላ ከረመች። የጎባም የሮቤም ልጆች አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ከስተው፣ ጠቁረው፣ ጥርሳቸው ወልቆ፣ ግን መጡ። በየመጡበት ቤት እየሄደች ጉሉማን ጠየቀች። አንዱ አላውቀውም አላት፤ ሌላው ድሮ አይቼዋለሁ አላት፤ ሦስተኛው አንገቱን ደፋ። ጳጉሜ ላይ እናቷ እማማ ሰንበቴ "መምጫው ቢሆን ከሰው ጋር ይመጣ ነበር። ልጄ፣ ይበቃሻል" አሏት። ይህን ስሰማ ሽማግሌ ላክሁ። አትፍረዱብኝ፤ ሰባት ዓመት ቀላል ነው እንዴ! ሲምቦ ለሽማግሌዎቹ እንቢም እሺም አላለችም፤ "ለመስቀል መልሴን እሰጣለሁ" ብላ መለሰቻቸው።

በቃ፣ እኔም ተስፋ ያዝኩ። ተስፋ የያዘ ሰው ደግሞ ቤቱን ያሰናዳል። ምን የመሰለ ነገር ላሰማት እንደምችል እያሰብኩ ፕሪ ፍለጋ ገባሁ።

በሳምንቱ መጀመሪያ፣ መስቀል ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቴ መሀመድአወል አንድ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። መሀመድአወል ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሌላም ሌላም ነገር ከወደ ጅጅጋ ይደርሰዋል፤ ከየት እንደሚደርሰው እኔም አልጠይቅም እሱም አይነግረኝም። ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ጨርቁን ሲገልጠው ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ የጃፓን ፕሪ! ወፍራም ድምፅ የሚጨምር ቁልፍ፣ ቀጭን ድምፅ የሚጨምር ቁልፍ፣ የካሴት ሹክሹክታ የሚያጠፋ ቁልፍ፣ ደግሞ ሲነካ አረንጓዴ መብራት ቦግ የሚል። ገጠምኩት። አንድ የትዝታ ሸክላ አስቀመጥኩ። ወይ ጉድ! ክራሩ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተመታ። ዘፋኟ ያረጀ ሸክላ ላይ መሆኗ ቀረና እማርና ቅቤ መሃል የተቀመጠች መሰለችኝ።

"ወላሂ፣ ሲምቦ ይህን ከሰማች ከዚህ ቤት አትወጣም" አለ መሀመድአወል። "ለሳምንት ያዘው፤ ካልጣመህ መልስልኝ።"

እኔ ግን ሌላም ያሰብኩት ዕቃ ነበረኝ። ጎባ ውስጥ አባባ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ጡረተኛ የቴሌ ሠራተኛ አሉ፤ ስለ ድምፅ እሳቸው ያላሉት ነገር አልተባለም። እሳቸው ዘንድ በእጅ የተሠራ አንድ ፕሪ እንዳለ አውቃለሁ። ልጆቻቸው ከቤት ስለወጡ የሚሰማልኝ የለም ብለው ሊለቁት ይፈልጋሉ። ሁለቱን ሳላወዳድር አልመርጥም አልኩ። ትልቁ ጥፋቴም ትልቁ ደግነቴም ይኸው ነው፤ ሳላወዳድር ምንም አልመርጥም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲምቦ ሱቄ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇ ላይ ካሴት ይዛለች።

"ከሐረር ነው የመጣው" አለችኝ። "ጉርሜሳ የሚባል ሰው ልኮልኝ ነው። ከጉሉማ ጋር ታስሮ የነበረ ነው፤ ሐረር ታሞ ተኝቷል። መጻፍ ስለማይችል አስታማሚው ድምፁን ቀድቶለት ነው። በእኛ ቤት ቴፕ ሰማሁት፤ ጥርት አላለልኝም። እስቲ አንተ ስማልኝ።"

የሱቁ ቴፕ ውስጥ ከተትኩት። ካሴቱ ስንት ዘፈን ተቀድቶ የጠፋበት ያረጀ ካሴት ነው፤ ባትሪው የደከመ ቴፕ ላይ እንደተቀዳም ያስታውቃል። ሽሽሽ ይላል። ከዚያ ሽሽታ ውስጥ አንድ የደከመ ወንድ በኦሮምኛ "አካም ጂርታ፣ ሲምቦ" ብሎ እንደምን ነሽ አላት። ቀጥሎ ብዙ ተናገረ፤ አንድም አልተያዘልንም። መጨረሻ ላይ ወደ ማይኩ ጠጋ ሳይል አልቀረም፤ "ጉሉማ" የሚለው ተሰማ፤ ከዚያም "ሂን ዱ..." አለና ጩኸቱ ዋጠው። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ኦሮምኛ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በእኛ በባሌ "ይመጣል" ሲባል "ኒ ዱፋ" ነው። "አይመጣም" ሲባል "ሂን ዱፉ" ነው። እኔ የገበያ ኦሮምኛ ነው ያለኝ፤ ቢሆንም "ሂን" ስትባል የምሰማው ሁልጊዜ "የለም፣ አይሆንም" ሲባል ነው። እሷ ደግሞ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ሁለታችንም አንድ ነገር ሰማን።

"ሂን አለ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ሂን አለ" አለች እሷም። ወንበሬ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አይደለም፤ እንባዋ ብቻ በጉንጯ ላይ ይወርዳል። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? አሳዘነችኝ። ከሐዘኔ ሥር ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ነገር ፈንጠዝያ ጀመረ።

ቆየት ብላ ዓይኗን ጠረገች። "ለምን እንደማይመጣ ተናግሯል፤ ግን አልሰማሁትም። ሞቶ ይሁን፣ እዚያው ትዳር ይዞ ይሁን፣ ማወቅ አለብኝ" አለች። "ቤትህ ያለው መሣሪያ ያጠራዋል ይባላል። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እመጣለሁ። ከሰማሁ በኋላ ለሽማግሌዎቹ መልሱን እሰጣለሁ።" ካሴቱን ትታልኝ ሄደች።

ረቡዕ በጠዋት የሪራ የጫካ ማር ገዛሁና ጎባ ወጣሁ። አባባ ወልደአማኑኤል ማሩን ተቀብለው እንኳ አላመሰገኑኝም። ጎምቱ ሰው ናቸው። ፕሪውን ከአልጋ ሥር አወጡት። ፕሪ ብየዋለሁ እንጂ ቆርቆሮ ሣጥን ነው! ቁልፉ አንድ ነው፤ ድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ ብቻ።

"ወፍራም መጨመሪያው የታለ አባባ?"

"ምን ያደርግልሃል? ዘፋኙ መጨመር ከፈለገ ራሱ ይጨምር። ይቺ ዕቃ አታቆላምጥም፣ አትሰድብም። የሰጠሃትን ትሰጥሃለች። ምን ይዘህ መጣህ? እስቲ ስጠኝ።"

የሲምቦን ካሴት ሰጠኋቸው። ከዚህ የባሰ የተቀዳ ካሴት ስለሌለ ለመሞከሪያ ይሆናል ብዬ ነው። በእሳቸው ስፒከሮች ከፈቱት። ሽሽታው በረታ እንጂ አልቀነሰም፤ የካሴቱ ጭረት ሁሉ ተሰማ። ግን ሰውየው ከሽሽታው ወጥቶ ከፊታችን ተቀመጠ። ትንፋሹ ይሰማል። ሲያስል ይሰማል። መሃሉ ላይ የሚለው አሁንም አልተያዘልኝም፤ የተቀዳው ከሩቅ ነው። መጨረሻው ሲደርስ ግን "ጉሉማ ሂን ዱፋ" አለ። እኔ ሂን የምትለዋን ሰምቼ ፈገግ አልኩ።

"አዩ አባባ? እንዴት እንደጠራ! አይመጣም ይላል።"

አባባ ወልደአማኑኤል በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ማነው አይመጣም ያለህ?"

"ሂን አለ እኮ!"

"አንተ ጆሮህን ለምን ተሸክመኸዋል? ሂን ዱፋ ነው ያለው፤ ፋ! ሰውየው የወለጋ ሰው ነው፤ አነጋገሩን አትሰማም? ነቀምቴ አሥራ አምስት ዓመት ስልክ ስዘረጋ ኖሬያለሁ። እዚያ ሂን ዱፋ ማለት ይመጣል ማለት ነው። ደግሞም በእርግጥ ይመጣል፣ አትጠራጠር ማለት ነው። አይመጣም ቢል ሂን ዱፉ ይል ነበር። ልዩነቷ ያቺ የመጨረሻዋ ድምፅ ናት፤ ፋ እና ፉ። ዕድሜ ለቆርቆሮዋ፣ ሰማሃት።"

መልሰው አጫወቱት። ፋ። እንደገና። ፋ። ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ብሰማው ፉ ላይሆንልኝ ነው።

"ማነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"የአንዲት ደንበኛዬ ዘመድ ነው።"

"እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ" አሉ። "ዕቃዋን ውሰዳትና ከዚያ ከጃፓኑ ጋር አወዳድራት። ጆሮህ የመረጠውን ትይዛለህ።"

ከጎባ ሮቤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ናት። ያን ቀን መንገዱ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ብቻ ነበር፣ መኪናው ውስጥ ሰው ያወራል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ቆርቆሮዋን ጭኔ ላይ አድርጌ "ምን በወጣኝ! ምን በወጣኝ!" እያልኩ ደረስኩ። ምን ነበረበት ባላወዳድር? ምን ነበረበት በጃፓኑ ብረካ?

ያኔውኑ ሲምቦ ቤት መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለቱንም ፕሪ ጎን ለጎን አስቀመጥኩና ካሴቱን በተራ አጫወትኩባቸው። በቆርቆሮዋ፦ ሂን ዱፋ። በጃፓኑ፦ ሂን ዱፍፍ... ወፍራሙ ያብጥና መጨረሻዋን ይውጣታል። ሹክሹክታ ማጥፊያውን ስነካው ደግሞ ሽሽታው ጥርግ ብሎ ይጠፋል፤ ከሽሽታው ጋር ያቺ ትንሿ ድምፅ አብራ ትጠረጋለች። ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ ባቆማቸውም ያው ነው። ድምፁ ያምራል እኮ! ጉርሜሳ ያልታመመ ጎረምሳ ይመስላል። ግን ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ሂን ካለ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የፈራውን ነው የሚሰማው።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ራሴን በራሴ እየተከራከርኩ ዋልኩ። ውሸት ንገራት ያለኝ የለም። አንድ ቃል መናገር አይጠበቅብኝም። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሁለት ዕቃ አወዳድሮ የሚያምረውን መረጠ፤ ይህ ወንጀል ነው? ቅዳሜ ትመጣለች፣ ትሰማለች፣ ታለቅሳለች፣ በመስቀል እሺ ትላለች። ሆድ ካገር ይሰፋል፤ እይዘዋለሁ። ጉሉማስ? መቼ ነው የሚመጣው? ይመጣል ማለትና መምጣት አንድ ነው እንዴ? ታሞ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ደግሞ ቢመጣ፣ ያገባች ሴት ናት፤ ሰላም ብሎ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳብሰለስል፣ መሀመድአወል ብቅ ብሎ የጃፓኑን ሰማና "ይሄማ ማር ነው፤ ያንን ቆርቆሮ ምን ብለህ አመጣኸው? ከሱ ጋር የሚወዳደር መሰለህ?" አለኝ። "አዎ፣ ማር ነው" አልኩት። በልቤ ጨርሼ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሲምቦ ወደ ሥራ ስታልፍ አየችኝና መጣች። ያቺን የቆዳ ልብስ ያላትን ሬዲዮ ይዛለች።

"ተበላሸች እንዴ?" አልኳት።

"የለም፣ ደህና ናት" አለችና መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጠቻት። "ሽጣት ወይም ለመለዋወጫ ፍታት። ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ባህሩ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ። የቅዳሜው ለልማዱ ነው እንጂ እኔ ቁርጤን አውቄዋለሁ። አይዞህ፣ ጥሩ መልስ ነው የምሰጥህ።"

ጥሩ መልስ! ሰባት ዓመት የናፈቅሁት ቃል ይኸው ተሰጠኝ። ለምን እንዳልዘለልኩ ልንገራችሁ። ሲምቦን የወደድኳት እዚያ ሬዲዮ ላይ አጎንብሳ ነው። ጆሮዋን አስጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗ የሆነ ቦታ ርቆ ሄዶ። ሰው እንዲያ ሲናፈቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እኔ የቀናሁት፣ ለኔም በሆነ ያልኩት፣ ያ ናፍቆቷ ነበር። ዓርብ ዕለት ሬዲዮዋን ትታልኝ ስትሄድ ከኋላ አየኋት፤ ትከሻዋ ወርዷል፣ እግሯን ትጎትታለች፤ ገበያ ያልቀናት ሴት ትመስላለች። እኔን ብላ አይደለም የምትመጣው። የትም ብትሄድ ግድ ስለሌላት ነው። ወይ ነዶ! አጥብቄ የተመኘኋት ሲምቦ ይቺ አይደለችም። ያችኛዋን ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ እየገደልኳት ያለሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእማማ ሰንበቴ ጋር መጡ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን አደግድገዋል። ቤቴን ጠርጌ፣ ጨርቅ አልብሼ፣ የጃፓኑን ነቅዬ ከአልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ቆርቆሮዋ ጠረጴዛው ላይ ናት።

"ይቺ ናት እንዴ ያ ሁሉ የተወራላት?" አሉ እማማ ሰንበቴ።

"እርሷ ናት እማማ። መልክ የላትም፤ ይቀመጡ።"

ከፈትኩት። ሽሽታው ቤቱን ሞላው። ጉርሜሳ "አካም ጂርታ፣ ሲምቦ" አለ። ሲምቦ ከስፒከሩ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች። መሃሉ አለፈ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ሂን ዱፋ።

ሲምቦ ግንባሯን ቋጠረች። "ዱፋ ነው ያለው?" አለች። "ሂን ዱፋ? እንዲህ ተብሎ ይነገራል እንዴ? ሂን ካለ ዱፉ ነው የሚለው።"

እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። በገዛ አፌ፣ በገዛ ቤቴ፣ ለገዛ ሲምቦዬ ልነግራት ነው።

"ሰውየው የወለጋ ሰው ነው" አልኳት። "በእነሱ አነጋገር ሂን ዱፋ ማለት ይመጣል ማለት ነው። በእርግጥ ይመጣል ማለት ነው። ጉሉማ ይመጣል፣ ሲምቦ።"

"ዱጋ?" አለች። "እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው። የሚያውቅ ሰው ነው የነገረኝ።"

እማማ ሰንበቴ "ያ ዋቀዮ! አምላኬ!" ብለው ተነሡና እልል አሉ። እልልታቸውን ሳይጨርሱ ለጎረቤት ሊነግሩ እየሮጡ ወጡ፤ እኒያ ጉልበቴን እያሉ ሲያማርሩ የኖሩ ሴትዮ! ሲምቦ አልጮኸችም። አልዘለለችም። ዞር ብላ ዓይኔን አየችኝ።

"ማነው የነገረህ?"

"የጎባው አባባ ወልደአማኑኤል።"

"መቼ?"

መዋሸት እችል ነበር። ዛሬ ጠዋት ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? "ረቡዕ" አልኳት።

"ረቡዕ!" አለች። "ዓርብ ሬዲዮዬን ስሰጥህ ታውቅ ነበር። ሦስት ቀን ገድለኸው ሰነበትክ፣ ባህሩ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልገደለውን ሰው ሦስት ቀን ገድለህብኝ ሰነበትክ።"

"አዎ" አልኳት። "ስለምወድሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልም። ሽማግሌዎቹንም አስቀራቸዋለሁ፤ መልስ የሚጠብቅሽ የለም።" ሰባት ዓመት ያልወጣኝ ቃል ያን ጊዜ ነው የወጣኝ፤ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

ትሄዳለች ብዬ ነበር። በሩን እያየሁ ቆምኩ። ሲምቦ ግን ጫማዋን አወለቀችና ስፒከሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

"ድገመው" አለች።

ደገምኩት። ሂን ዱፋ። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። ትንፋሿን ያዘች። ያ የማውቀው ናፍቆት ተመልሶ መጣ፤ ትከሻዋ ቀና ሲል፣ አንገቷ ላይ ደም ሲሮጥ አየሁት። በገዛ እጄ በሠራሁት የዝግባ ሣጥን ቀናሁ፤ ይህን ስናገር አላፍርም፣ በሣጥን ቀናሁ።

"ድገመው።"

ደገምኩት።

"መሃል ላይ እግሩን አሞታል ነው የሚለው መሰለኝ። ሰማኸው? ለዚህ ነው የቀረው። ከፍ አድርገው።"

ከፍ አደረግሁት። ውጭ የእማማ ሰንበቴ እልልታ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ሰዎች ወደ ደጄ መሰብሰብ ጀምረዋል። መሀመድአወል በራፍ ላይ ቆሞ እኔንም እሷንም አየ፤ ነገሩ ገባውና አንገቱን ደፍቶ ሰዉን "ቆዩ፣ ቆዩ" እያለ መለሰልኝ። ሲምቦ ሰው መምጣቱንም አላወቀች። ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ እጄን ያዘችኝና አጥብቃ ጨመቀችኝ። ሰባት ዓመት ስንተዋወቅ እጄን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንዴ ብቻ" አለችኝ፣ "ባህሩዬ፣ በናትህ አንዴ ብቻ።"

በተረፈኝ እጄ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩላት።